ከማን አንጻር? አንጻራዊነትን የሚማሩ ጀማሪዎች የሚሰናከሉባቸው ስህተቶች

ፊዚክስ ሳስተምር በየዓመቱ የማይቀርልኝ አንድ አባባል አለ፦ «መምህር፣ ጊዜ አንጻራዊ መሆኑ እኮ የታወቀ ነው፤ ታክሲ ስንጠብቅ አልሄድ ይላል፣ ፈተና ላይ ግን ይበራል።» ተማሪው ይህን ሲናገር ፊቱ በደስታ ይፈካል፤ አንስታይንን ያገኘው ይመስለዋል። እባካችሁ ይህን ምሳሌ ተዉት። ታክሲ ጠባቂውና ተፈታኙ እጃቸው ላይ ያሰሩት ሰዓት እኩል ነው የሚቆጥረው። የተለያየው ትዕግሥታቸው ነው፤ እርሱ ደግሞ የሥነ ልቦና ጉዳይ ነው። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያቀረበው ሐሳብ ስለ ሰዓቶቹ ስለራሳቸው ነው። አንዳቸው ከሌላው አንጻር የሚንቀሳቀሱ ሁለት ደህና ሰዓቶች በሁለት ክስተቶች መካከል ያለውን ጊዜ የተለያየ አድርገው ይቆጥራሉ። የሚመለከታቸው ሰው ባይኖርም እንኳ እንዲሁ ነው። ሙዮን የሚባሉት ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። አማካይ ዕድሜያቸው 2.2 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው፤ በዚህች ቅጽበት ብርሃን ራሱ ከ660 ሜትር ገደማ አያልፍም። ሆኖም 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተፈጥረው ብዙዎቹ መሬት ይደርሳሉ፤ በእኛ ሰዓት ሲለካ ዕድሜያቸው ይረዝማልና። ቅንጣት አይሰለችም፣ አይቸኩልም። በዚህ ስህተት ላይ የምቆጣው ሥር ስለሚሰድ ነው። አንዴ የያዘው ተማሪ አንጻራዊነትን «እንደ ሰው አመለካከት» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ቆይቶም «እውነትም አንጻራዊ ነው» ይለኛል። የንድፈ ሐሳቡ ምሰሶዎች ግን የማይለወጡ ነገሮች ናቸው፦ የተፈጥሮ ሕግጋትና የብርሃን ፍጥነት።

ሁለተኛው መሰናክል መሬትን ዳኛ ማድረግ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ሁለት አውቶብሶች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። በመስኮት ስታዩ የጎናችሁ አውቶብስ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የእናንተው የተነሣ ይመስላችኋል። ወዲያው ወደ መሬት ታያላችሁና «ለካ ዓይኔ አታሎኝ ነው» ትላላችሁ። ዓይናችሁ አላታለላችሁም። ያየው በሁለቱ አውቶብሶች መካከል ያለው ርቀት መለወጡን ነው፤ እርሱም እውነት ነው። መሬትን የመረጣችሁት ስለለመዳችኋት ነው። መሬት ራሷ አዲስ አበባ ላይ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሽከረከራለች፤ በዚያ ላይ ፀሐይን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዞራለች። ስለዚህ ፍጥነት በተጠራ ቁጥር «ከማን አንጻር?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ የዘለለ ተማሪ ሲስት ሳላይ ያለፍኩበት ዓመት የለም።

ፍጥነትንና የፍጥነትን ለውጥ ማደባለቅም አለ። «አውቶብሱ ሲሄድ እኮ ይሰማኛል» የሚል ሰው የሚሰማው ፍሬኑ፣ ኩርባውና የመንገዱ ጉድጓድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ስትሄዱ ሎሚ ያዙ። አውቶብሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳይዋዥቅ ሲጓዝ ሎሚውን ወደ ላይ አንድ ክንድ ያህል ወርውሩት። ከግማሽ ሰከንድ በላይ አየር ላይ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ አውቶብሱ ከ14 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሎሚው ወደ ኋላ የሚቀር ቢሆን ኖሮ የኋላውን መስታወት በመታ ነበር። እርሱ ግን ተመልሶ እጃችሁ ላይ ያርፋል፤ የቆዳው ሽታ እንኳ መዳፋችሁ ላይ ይቀራል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ይህንኑ በተዘጋ የመርከብ ክፍል ምሳሌ አስረድቷል፦ መርከቡ ሳይናወጥ እኩል ከተጓዘ፣ ውስጥ ሆናችሁ በምንም ሙከራ መቆሙንና መሄዱን መለየት አትችሉም።

ይህን ሙከራ እኔም አበላሽቼው አውቃለሁ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ተማሪዎቼን ክፍት የጭነት መኪና ላይ አሳፍሬ፣ በሎሚ ፋንታ የተጨማደደ ወረቀት አስወረወርኳቸው። ወረቀቱን ነፋስ ወደ ኋላ ወሰደው፤ ሦስት ጎበዝ ልጆች «ጋሊሊዮ ተሳስቷል» ብለው ጻፉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሙከራው አየሩም አብሮ በሚጓዝበት፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ መደረግ እንዳለበት አልነገርኳቸውም። እነዚያን ልጆች እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ፤ ያዩትን ነው የጻፉት።

«አንስታይን ኒውተንን አፈረሰው» የሚሉም አሉ። አላፈረሰውም፤ ድልድይ ዛሬም የሚሠራው በኒውተን ቀመር ነው።

የብርሃን ፍጥነት ላይ የመኪናውን መደመር ግን ትልቅ ስህተት ነው። ሎሚውን ወደ ፊት ብትወረውሩት መንገድ ዳር የቆመ ሰው የአውቶብሱንም የእጃችሁንም ፍጥነት ደምሮ ያያል። ከፊት መብራቱ የሚወጣው ብርሃን ግን በባዶ ሕዋ ሲለካ ለሾፌሩም ለቆመውም በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ነው። የዕለት ተዕለት ምሳሌ የሚያደርሰን እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ሎሚና አውቶብስ አያግዙንም፤ ሒሳቡን መከተል ግድ ነው። ምሳሌውን በግድ የሚጎትቱ መምህራን ተማሪውን ያደናግሩታል።

«ይህ ሁሉ ለሮኬት እንጂ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ለሚለው መልሱ ስልካችሁ ውስጥ ነው። አቅጣጫ የሚያሳዩን የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ። በፍጥነታቸው ምክንያት ሰዓታቸው በቀን 7 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ ስበትም ሰዓትን ያዘገያልና፣ እዚያ ስለሚደክም ደግሞ 45 ያህል ይቀድማል። ልዩነቱ 38 ነው፤ በዚህ ጊዜ ብርሃን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ሰዓቶቹ ከመምጠቃቸው በፊት ታስበው ይስተካከላሉ።

የስበትን ድርሻ የሚረሱ ናቸው «በአውሮፕላን የሚጓዝ መሬት ላይ ካለው ሁልጊዜ ያነሰ ያረጃል» የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃፈልና ኪቲንግ የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እጅግ ትክክለኛ የሆኑ የአቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን ይዘው ዓለምን ዞሩ። ወደ ምሥራቅ የዞሩት ሰዓቶች 59 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ዘገዩ፤ ወደ ምዕራብ የዞሩት ግን 273 ያህል ቀደሙ። የምሥራቁ በረራ በመሬት ሽክርክሪት ላይ ይጨምራል፣ የምዕራቡ ይቀንሳል፤ ከፍታው ደግሞ ሁለቱንም ያስቀድማል። ከፍታ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ለማየት መብረርም አያስፈልግም፦ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሰዓት፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በዓመት 8 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል።