ጠባብ ሳሎን ሰፋ ብሎ እንዲታይ መጋረጃን ከፍ አድርጎ መስቀል

የኮንዶሚኒየም ሳሎን ጠባብ ሆኖ ሲያስቸግር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሶፋ መቀየርን ወይም ግድግዳ ማስቀባትን ነው፤ ይሁንና በእኔ እምነት ከሁለቱም በፊት መታየት ያለበት የመጋረጃው አሰቃቀል ነው። መጋረጃው ልክ ከመስኮቱ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ግድግዳው መሐል ላይ ሲቀር፣ ዓይን እዚያው ስለሚቆም ክፍሉ ዝቅ ያለ ይመስላል። ስለዚህ መስቀያው ብረት ወደ ኮርኒሱ ተጠግቶ፣ ከመስኮቱም በግራና በቀኝ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አልፎ እንዲገጠም ማድረግ ይገባል፤ እንዲህ ሲሆን መጋረጃው ቀን ቀን ተገልጦ ግድግዳው ላይ ስለሚያርፍ መስታወቱን አይሸፍንም፣ የሚገባውም ብርሃን አይቀንስም።

ጨርቅ ሲገዛ ስፋቱ የብረቱን ርዝመት ሁለት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካነሰ መጋረጃው ሲዘጋ እጥፋቱ ጠፍቶ እንደ ተወጠረ አንሶላ ይሆናል። ቁመቱ ወለሉን ለመንካት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ቢቆም አቧራ አይጠርግም። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ሲታጠብ ሊያጥር ስለሚችል፣ ከመሰፋቱ በፊት አንድ ጊዜ አጥቦ ማድረቅ እንዳይረሳ አደራ እላለሁ። ቀለሙ ከግድግዳው ጋር የሚቀራረብ ቢሆን ይመረጣል። ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ግድግዳዎች ውስጣቸው ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከባድ መጋረጃ የሚያሰቅል ሰው ባለሙያው ረዘም ያለና ለብሎኬት የሚሆን ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን አጥብቆ የሚይዝ ፕላስቲክ) መያዙን አስቀድሞ ይጠይቅ።