ስሙ ሲፈለግ ይወጣል፣ ዕቃው ሲፈለግ የለም፦ የዌብሳይት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዶሜኑ ያልታደሰ፣ ሆስቲንጉ የተዘጋ ወይም ሰርች ኮንሶል (ገጹ ጎግል ላይ እንዴት እንደሚገኝ ለባለቤቱ የሚያሳይ የጎግል መሣሪያ) ያልተከፈተለት ሰው መጀመሪያ እሱን ይጨርስ። ይህ የተጻፈው ያ ሁሉ ተሟልቶ «ገጼ አለ፣ ሰው ግን አይመጣም» ለሚል ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲናና ከመሐል ሜዳ የሚመጡልኝ የሱቅ፣ የሎጅ፣ የትምህርት ቤትና የበግ አድላቢ ዌብሳይቶች አብዛኞቹ በሽታቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ምልክት፦ በድርጅቱ ስም ሲፈለግ ይወጣል፣ በሚሸጠው ዕቃ ሲፈለግ የለም

ሰርች ኮንሶል ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ከፍታችሁ «ኩዌሪስ» ወደሚለው፣ ሰው ጎግል ላይ ጽፎ የፈለጋቸው ቃላት ዝርዝር ውረዱ። እዚያ ያለው የራሳችሁ ስም ብቻ ከሆነ ገጻችሁ ላይ ፊደል የለም ማለት ነው። ለዓይንማ ሞልቷል፤ ግን ሁሉም ፎቶ ላይ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ባለሱቁ ለቴሌግራም ቻናሉ ፖስተር ያሠራል። ዕቃው፣ ዋጋው፣ አድራሻው፣ ስልኩ በቀይና በቢጫ ተደርድሮ አንድ ምስል ይሆናል። ለቴሌግራም ጥሩ ነው። ዌብሳይት ሲያሠራም ያንኑ ፖስተር ይልካል፤ ሠሪው አንዲት ቃል ሳይተይብ እንዳለ ይለጥፈዋል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ከዚያ ስልክ አያነሳም።

ባና የሚባለውን የመንዝ የሱፍ ልብስና ብርድ ልብስ የሚሸጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይኸን ያህል ብር አውጥቼ አንድ ሰው እንኳ አይደውልም» ብለው መጡ። ስልኬ ላይ ከፈትኩት። የሱፉ ክር አንድ በአንድ የሚቆጠርበት የጠራ ፎቶ፣ በላዩ ዋጋ፣ መጠን፣ ሁለት ስልክ ቁጥር። ክሮም ላይ ሦስቷን ነጥብ ነክቼ፣ ገጹ ውስጥ መፈለጊያውን አውጥቼ «ባና» ብዬ ጻፍኩ። 0/0። «ብርድ ልብስ» አልኩ። 0/0። በፊደል የተጻፈው «ሆም»፣ «ኮንታክት» እና ከግርጌ የሠሪው ስም ብቻ ነበር። የራሱን ስም መተየቡን አልረሳም። ስልክ ቁጥሩም ፎቶ ስለሆነ ቢነኩት አይደውልም፤ ገዢው ቁጥሩን በወረቀት ገልብጦ መደወል ነበረበት። ማን ይህን ያደርጋል?

ጎግል ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ ጨርሶ አያነብም አላልኩም፤ በሌንስ ያነባል። ነገር ግን ለዌብሳይት ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ራሱ፣ ጠቃሚ ጽሑፍን፣ በተለይም ርዕስና ሜኑን፣ ምስል ውስጥ አትክተቱ ይላል። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይንገረን?

መፍትሄው መተየብ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ ባና ለብቻ፣ ብርድ ልብስ ለብቻ። የገጹ ርዕስ «ሆም» መሆኑ ይቅርና «የመንዝ ባና ዋጋና መጠን፣ ደብረ ብርሃን» ይባል። ከሥሩ ገዢ በስልክ የሚጠይቃችሁን ሁሉ ጻፉ፦ ርዝመቱ ስንት ነው፣ ሱፍ ብቻ ነው ወይስ ድብልቅ፣ እንዴት ይታጠባል፣ አዲስ አበባ ትልካላችሁ ወይ። ስልክ ቁጥሩን ሲነኩት የሚደውል ሊንክ አድርጉት። ፎቶው ይቆይ፣ ግን ጽሑፍ ሳይጫንበት፣ ስፋቱም ወደ 1200 ፒክስል ወርዶ። ጎግል የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው ይላል፤ በሜጋባይት የሚቆጠር ፖስተር በእኛ ኔትወርክ እዚያ አይደርስም። ዳታውን የሚከፍለው ደግሞ ደንበኛችሁ ነው።

«ኦልት ቴክስቱን ሞላሁት እኮ» የሚሉኝ አሉ። ኦልት ፎቶው ምን እንደሆነ ባጭሩ መናገሪያ ነው። የዋጋ ዝርዝሩን በሙሉ እዚያ ያጨቀ ሰው ገጽ አልሠራም፤ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ፕሮግራምም ያን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያነበንበዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጽሑፉን ተይባችሁ ፖስተሩን እንዳያበላሽ ብላችሁ አትደብቁት። አንድ የሠርግ አዳራሽ ገጽ ላይ ሠሪው ከፖስተሩ ሥር በነጭ መደብ ላይ በነጭ ፊደል «አዳራሽ አዳራሽ ደብረ ብርሃን አዳራሽ» እያለ ሞልቶት አገኘሁ። ይህ የጎግልን የስፓም ደንብ መጣስ ነው፤ ከተያዘ ገጹ ወደ ታች ይገፋል ወይም ጭራሽ ከጎግል ይሰረዛል። ባለቤቱ ምንም አያውቁም ነበር፤ «ኤስኢኦ»፣ ማለትም ገጽን ጎግል ላይ ከፍ ማድረጊያ፣ ተብሎ የተሸጠላቸው ይኸ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ «ኪወርድስ አስገባልሃለሁ» ለሚል ሰው ሳንቲም አትስጡ። ጎግል የኪወርድስ ታግን (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚደረደሩ፣ ለጎብኚ የማይታዩ ቃላትን) ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. በግልጽ ተናግሯል። እስከ ዛሬ ግን ይሸጣል።

የዚሁ በሽታ ሌላ መልክ የድሮ ፎንት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ማስታወቂያውን ሁሉ ተይቦ ጭኗል፤ ፖስተር የለም፣ ግን አይገኝም። ጸሐፊዋ የምትተይበው ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚጋራው የፊደል ኮድ) ባልሆነ ፎንት ነው። ፎንቱ በተጫነበት የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ ይታያል። የወላጅ ስልክ ላይ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቅልቅል ነው፤ ጎግልም የሚያየው ያንኑ ቅልቅል ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም በድሮው ፎንት የሚተይብ ቢሮ አለ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከገጹ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ደህና ነው። ዝባዝንኬ ከመጣ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያም በዓይናችሁ እያያችሁ አርሙት፤ መቀየሪያው ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ይሳሳታል።

ፒዲኤፍም ያው ነው። አንኮበር አቅጣጫ ያለ አንድ ማረፊያ የወረቀት ብሮሹሩን ስካን አድርጎ በፒዲኤፍ አስቀምጧል። ወደዚያ የሚሄድ የውጭ ሰው የሚፈልገው ስለ ጭላዳ፣ ስለ አንኮበር ሴሪን ወፍ፣ ከደብረ ብርሃን ስላለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ይህ ሁሉ ብሮሹሩ ላይ ተጽፏል፤ ገጹ ላይ ግን «ዌልካም» ብቻ ነበር። ብሮሹሩ በእንግሊዝኛ ተተይቦ ገጽ በገጽ ሲወጣ ኩዌሪስ ዝርዝሩ ውስጥ የወፏ ስም መታየት ጀመረ።

ተይባችሁም ካልወጣ አጻጻፉን እዩ። የእኛ ሰው ከተማውን ገጹ ላይ ሁሉ «ደ/ብርሃን» ብሎ ይጽፋል፤ ዞኑን «ሰ/ሸዋ»፣ ወረዳውን «ጣ/በር»፣ ጣርማ በርን ለማለት። ለደብዳቤ ይሆናል። ፈላጊው ግን «ደብረ ብርሃን» ይላል፣ «ደብረብርሃን» ብሎ ይገጥማል፣ «ብርሐን» ይላል። ጓሳም «ጉዋሳ» ተብሎ ይፈለጋል። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚፈልገው ደግሞ «ብርሃን»ን አንዱ በ«ቢ ኢ»፣ ሌላው በ«ቢ አይ» ይጀምረዋል። ሁሉንም በሰልፍ መደርደር ገጹን ያስቀይማል፤ ኩዌሪስ ላይ በብዛት የመጣውን ርዕስ ላይ አድርጉት፣ ሁለተኛውን ጽሑፉ ውስጥ በቦታው አስገቡት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መስመር አድራሻ ጨምሩ። ሕዝብ የሚጽፈውን ስህተት ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ ገበያው እሱ ጋ ነው።

ምልክት፦ በስሙም ቢፈለግ ጭራሽ የለም

ወርድፕሬስ ከሆነ «ሴቲንግስ» ከዚያ «ሪዲንግ» ግቡ። መፈለጊያዎች ይህን ገጽ እንዳይመዘግቡ የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ይሆናል። ሠሪው በሥራ ላይ እያለ ያበራዋል፣ ሲጨርስ ይረሳዋል። አጥፉት፣ ካሽ የሚያደርግ (የገጹን የቆየ ቅጂ የሚይዝ) ፕለጊን ካለ አጽዱት፣ ከዚያ ሰርች ኮንሶል ላይ ምዝገባ ጠይቁ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ኖኢንዴክስም (ገጹን አትመዝግብ የሚለው ምልክት) ሮቦትስ ፋይል ላይ ያለ እገዳም (ገጹን አትክፈት የሚለው) ካለ መጀመሪያ እገዳውን አንሱ። ጎግል ገጹን መክፈት ካልቻለ ኖኢንዴክሱ መነሳቱን አያይም።

ምልክት፦ የአማርኛ ሊንኩ ተቆርጦ ይመጣል

ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ ወርድፕሬስ አድራሻውንም በአማርኛ ያወጣል። ጎግል በዚህ አይቸገርም። ችግሩ አንድ የአማርኛ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ወደ 9 ቁምፊ መለወጡ ነው፤ ወርድፕሬስ ደግሞ ለአድራሻው የሚይዘው 200 ብቻ ነው። ስለዚህ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል። «በደብረ ብርሃን ከተማ የሚሸጥ የመንዝ ብርድ ልብስ የጅምላ ዋጋ» እና «በደብረ ብርሃን ከተማ የሚሸጥ የመንዝ ብርድ ልብስ የችርቻሮ ዋጋ» መጨረሻቸው ከተቆረጠ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ በ«2» ይለያል፣ ሰውም የትኛውን እንደላከ ይጠፋዋል። አጭር አድራሻ በእንግሊዝኛ ፊደል ስጡ። የቆየውን አድራሻ ስትቀይሩ 301 ማዞሪያ (የድሮውን ሊንክ የነካውን ወደ አዲሱ የሚወስድ) ሳታደርጉ እንዳትነኩት! ቴሌግራም ላይ የተበተነው ሊንክ ሁሉ ይሞታል።

ምልክት፦ አናሊቲክስ ጎብኚውን ሁሉ «ዳይሬክት» ይላል

አናሊቲክስ የገጻችሁን ጎብኚ የሚቆጥር የጎግል መሣሪያ ነው። ዳይሬክት ማለት ጎብኚው ከየት እንደመጣ አልታወቀም ማለት ነው። ከቴሌግራም አፕ የሚነካ ሊንክ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩን አይናገርም። ቻናል ላይ የምትለጥፉት ሊንክ ላይ የዩቲኤም ምልክት (ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚናገር፣ ሊንኩ መጨረሻ ላይ የሚቀጠል ጽሑፍ) ጨምሩ፤ ሶርስ፣ ሚዲየምና ካምፔይን ይበቃል። አናሊቲክስ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደልን ይለያል፤ አንዴ በትልቅ፣ አንዴ በትንሽ ከጻፋችሁ ሁለት ምንጭ ይሆናል። በገዛ ገጻችሁ ውስጥ ካለ ገጽ ወደ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ላይ ግን ዩቲኤም አታድርጉ፤ የጎብኚውን ምንጭ ያበላሸዋል።

ምልክት፦ ቁጥሩ ከሚታመነው በላይ ነው

አናሊቲክስ ላይ ሪልታይሙን ክፈቱና በስልካችሁ አንድ ገጽ አንድ ጊዜ ክፈቱ። የገጽ ዕይታው ሁለት ካለ ታጉ (የአናሊቲክስ መቁጠሪያ ኮድ) ሁለት ጊዜ ተተክሏል፤ አንዱ በፕለጊን፣ ሌላው በታግ ማኔጀር። አንዱን አውጡ። ሁለቱም «ለጥንቃቄ» ይቀመጡ ያለ ደንበኛ ነበር። ጥንቃቄ አይደለም።

ራሳችሁን መቁጠራችሁም ሌላው ምክንያት ነው። አይፒ በማገድ አትድከሙ፤ የሞባይል ዳታ አይፒ ይቀያየራል። ሳይት ኪት የሚባለውን የጎግል የወርድፕሬስ ፕለጊን የምትጠቀሙ ከሆነ ሎግ ኢን ያደረገ ሰው እንዳይቆጠር የሚያደርግ ምርጫ አለው።

ምልክት፦ ሰዓቱና ከተማው አይገጥምም

የአናሊቲክስ ሰዓት የሎስ አንጀለስ ሆኖ ከቀረ የእናንተ «ቀን» የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ወደ አዲስ አበባ ቀይሩት፤ ያለፈው አይስተካከልም፣ የሚመጣው ይስተካከላል። ከዚያ በኋላም ሪፖርቱ 20 ሰዓት (በፈረንጅ የማታ 8) ካለ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት መቀነስ አትርሱ። ከተማውን በአይፒ ስለሚገምት የደብረ ብርሃን ደንበኛ አዲስ አበባ ተብሎ ቢቆጠር አትደንግጡ።

ምልክት፦ ካለፈው ዓመት አንጻር በድንገት ወደቀ

ምናልባት ምንም አልተበላሸም። አናሊቲክስ የሚያነጻጽረው በፈረንጅ ቀን ነው፤ በዓላችን ግን ይንቀሳቀሳል። ፋሲካ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ዋለ፣ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12። የመንዝ በግ የሚያደልብ አንድ ወንድማችን «ጎግል ቀጣኝ» ብሎ ኤስኢኦ ነኝ ባይ ሊቀጥር ደርሶ ነበር። የሚያዝያን የመጨረሻ ሳምንት ካምናው ጋር አስተያይቶ ነው፤ አንዱ የበዓል ዋዜማ፣ ሌላው በጉ ተበልቶ ያለቀበት ሳምንት። ከበዓሉ በፊት ያሉትን ሦስት ሳምንታት ከበዓሉ በፊት ካሉት ሦስት ሳምንታት ጋር አነጻጽሩ።

የአገር ውስጡ ብቻ ወርዶ የውጭው ካልተነካ ኔትወርክ ሊሆን ይችላል፤ ጠብቁ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ጎግል ላይ የእናንተ ገጽ በጃፓንኛ ጽሑፍ ከወጣ ተጠልፋችኋል። መንስኤው ብዙ ጊዜ የሚከፈልበት ሆኖ ሳለ ፈቃዱ ተሰብሮ በነጻ የወረደ ቴም (የገጽ መልክ) ወይም ፕለጊን ነው። ንጹሕ ባክአፕ መልሱ፣ የይለፍ ቃል ሁሉ ቀይሩ፣ ሰርች ኮንሶል ውስጥ የማታውቁት ባለቤት ተጨምሮ ከሆነ አውጡት። የተሰበረ ቴም የሚጭንላችሁን ሰው ደግሞ ሁለተኛ በር አታስገቡ።

አናሊቲክስ ውስጥ ዝርዝር መረጃ የሚቆይበት ጊዜ 2 ወር ላይ ካለ ወደ 14 አድርጉት። ሰርች ኮንሶል 16 ወር ያስቀምጣል።

ሰርች ኮንሶሉም አናሊቲክሱም ዶሜኑም በሠሪው ጂሜይል ከተከፈቱ ዛሬውኑ በራሳችሁ ጂሜይል ባለቤት አድርጉኝ በሉት። ሰውየው አገር ቀይሮ ስልኩ ከተዘጋ ሰርች ኮንሶሉ በዶሜኑ በኩል እንደገና ይረጋገጣል፣ የአናሊቲክሱ የቆየ ቁጥር ግን አይመለስም፤ ዶሜኑ በእሱ ስም ከሆነማ ገጹም የእሱ ነው።