የካናዳ ምርጫ ሲመጣ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የሊበራል ፓርቲው ጀስቲን ትሩዶ ሥልጣን እለቃለሁ ያሉት ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 ነው። የገና ዋዜማ ነበር። ባለቤቴ ዶሮ እየበለተች፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ በቴሌቪዥን አየናቸው። ከዚያ በኋላ ስልኬ አላረፈም። የደወለ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ማን ይተካቸዋል?» ብሎ ነው። «እኛስ እንዴት ነው የምንመርጠው?» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ቶሮንቶ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ምርጫ በመጣ ቁጥር በፈቃደኝነት በር አንኳኳለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ፣ አረጋውያንን በመኪናዬ ምርጫ ጣቢያ አደርሳለሁ። በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የማያቸው ስህተቶች ሁልጊዜ ያው ናቸው። አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

የመሪውን ስም ወረቀቱ ላይ መፈለግ

ይህን ከራሴ ልጀምር። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት ሜይ 2 ቀን 2011፣ ስካርቦሮ ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነው። ኤንዲፒ የሚባለውን ፓርቲ መሪ ጃክ ሌይተንን በጣም እወዳቸው ነበር። በምርኩዝ እየሄዱ ሲቀሰቅሱ ልቤን ነክተውታል። ወረቀቱን ተቀብዬ ከካርቶኑ መከለያ ጀርባ ቆምኩ። ስማቸው የለም። ገልብጬ አየሁት፣ የለም። በመጨረሻ የፓርቲያቸውን ስም ፈጽሞ ከማላውቀው ሰው ስም ሥር አገኘሁት። በዚያች አጭር እርሳስ ኤክስ አድርጌ ወጣሁ። የመረጥኩት ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስብ አላውቅም ነበር። ሌይተን የሚወዳደሩት ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ነው፤ ስማቸውን ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው የዚያ አካባቢ መራጭ ብቻ ነው።

ካናዳ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር በቀጥታ አይመረጥም። እኔና እናንተ የምንመርጠው የአካባቢያችንን የፓርላማ አባል ነው። አገሩ 343 የምርጫ ክልሎች አሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። ይህን ያልተረዳ ሰው ውጤቱ ሲነገር ግራ ይገባዋል። በ2019 ኮንሰርቫቲቮች ከጠቅላላው ድምፅ 34.3 በመቶ፣ ሊበራሎች 33.1 በመቶ አገኙ። ወንበሩ ግን 157 ለሊበራል፣ 121 ለኮንሰርቫቲቭ ሆነ። በ2021ም ያው ተደገመ። «ተጭበርብሯል» የሚል ወሬ በየቡና ቤቱ ሰምቻለሁ። አልተጭበረበረም። ኮንሰርቫቲቮች በሚበረቱባቸው አልበርታና ሳስካችዋን ክፍለ ሀገሮች ውስጥ በሰፊ ልዩነት ማሸነፍ ድምፅ ይከምራል እንጂ ወንበር አይጨምርም።

ሥርዓቱን እኔም አልወደውም። ትሩዶ በ2015 «ይህ በዚህ ሥርዓት የሚካሄድ የመጨረሻ ምርጫ ይሆናል» ብለው ቃል ገብተው በ2017 ትተውታል። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁላቸውም።

መሪም ቢሆን ወንበሩን የሚሰጠው አካባቢው ነው። በኤፕሪል 2025 ምርጫ የኮንሰርቫቲቩ መሪ የፒየር ፖሊየቭ ፓርቲ በመላ አገሪቱ ከ41 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ። እሳቸው ግን ከ2004 ጀምሮ የወከሉትን የኦታዋ ዳርቻ ተሸነፉ። ፓርላማ የተመለሱት አልበርታ ውስጥ አንድ የፓርቲያቸው ባልደረባ ወንበሩን ለቆላቸው፣ ኦገስት ላይ በተደረገ ማሟያ ምርጫ ነው።

መሪ ሲመረጥ ቤት መቀመጥ

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው።

ማርች 9 ቀን 2025 ማርክ ካርኒ የሊበራል ፓርቲ መሪ ሆነው ተመረጡ። ድምፅ የሰጠው ወደ 152 ሺህ ሰው ነው። የአገሩ ሕዝብ ከ41 ሚሊዮን በላይ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ካርኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያን ቀን የፓርላማ አባል እንኳን አልነበሩም። የአገር መሪ የመረጡት እነዚያ 152 ሺህ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል የእኛ ሰው ስንት ነበር? እኔ ከማውቀው በጣት የሚቆጠር።

በፓርቲው ለመመዝገብ አንድ ሳንቲም አይከፈልም ነበር። ዕድሜ 14 ከሞላ ይበቃል። ደግሞም ይህን አስምሩበት፦ ዜግነት አያስፈልግም ነበር፤ ፒአር (ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ) ያለው ሰው ይችል ነበር። በአገር አቀፉ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው። በፓርቲ መሪ ምርጫ ግን ፒአር ያለው እናት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጇ፣ ሁለቱም ድምፅ ነበራቸው። በ2022 ፖሊየቭ ሲመረጡም የኮንሰርቫቲቭ አባልነት 15 ዶላር ነበር፤ እዚያም ፒአር ይበቃ ነበር። «ዜግነቴ እስኪመጣ ፖለቲካ አያገባኝም» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ያገባችኋል።

የሊበራል ምዝገባው ያበቃው ጃንዋሪ 27 ነው። ገናም ጥምቀትም በመሐል አለፉ። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ከጥምቀት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ጠረጴዛ ይዤ ተቀመጥኩ። እንጀራና ወጥ የያዘ ሰው በፊቴ ያልፋል፣ ሰላም ይለኛል። የተመዘገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ እናትና ልጅ ነበሩ፤ ልጅቷ ናት እናቷን ጎትታ ያመጣቻት።

መመዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ ማንነትን ማረጋገጥ ነበረባቸው። እናትየዋ በስልኳ መታወቂያዋን ፎቶ ስታነሳ የአዳራሹ መብራት እያንጸባረቀ አራት ጊዜ እምቢ አላት። ተስፋ ቆርጣ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልጅቷ አውጥታ መስኮት አጠገብ ወሰደቻት። አምስተኛው ላይ አለፈ። በየቦታው ስንቱ አራተኛው ላይ እንደተወው አስቡት። ወደ 400 ሺህ ሰው ተመዝግቧል ተብሎ ነበር፤ ድምፅ የሰጠው ግማሹ እንኳን አልሞላም።

ለምን እንደማንገባ አውቃለሁ። ስም መዝገብ ላይ ሲሰፍር የሚመጣውን ከአገር ቤት እናውቀዋለን። በአንዱ ፓርቲ መዝገብ ላይ ስሙ በመገኘቱ የታሰረ፣ የተገደለ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ያን ፍርሃት አልንቀውም፤ እኔም ይዤው መጥቼ ነበር። ግን እዚህ አባልነት በፈለጋችሁ ቀን የሚተው ነገር ነው።

ስለ መሪዎቹ ያለኝን ሐሳብም ልናገር። ትሩዶ መውጣት የነበረባቸው ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ነው። በጁን 2024 ፓርቲያቸው የቶሮንቶ ሴንት ፖልስን ወንበር ሲያጣ ነገሩ አብቅቶ ነበር። ያ ወንበር ለሦስት አሥርት ዓመታት የሊበራል ነበር። በጊዜ ቢወጡ ኖሮ ተተኪው በደንብ ይፈተን ነበር። ካርኒን አባላቱ በክርክር መድረክ ያዩዋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ በፈረንሳይኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ። ኮንሰርቫቲቮች ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለባቸው። የቀድሞ መሪያቸው ሺር አንድ ምርጫ ተሸንፈው ወጡ። ተተኪያቸው ኦቱልም አንድ ምርጫ ተሸንፈው በፌብሩዋሪ 2022 የገዛ ፓርላማ አባሎቻቸው 73 ለ45 በሆነ ድምፅ አባረሯቸው። ፖሊየቭን አልመርጣቸውም፣ ግን ሽንፈት በመጣ ቁጥር መሪ መቀያየር ፓርቲን አያበስልም።

ፓርቲን እንደ ርስት መያዝ

«እኛን ያመጣን ሊበራል ነው፣ ውለታ አለብን» የሚለውን በር ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። የሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ትልልቆች ስለሆኑ በአክብሮት እሰማለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ካናዳ የገቡት ከ1984 እስከ 1993 ብራያን ማልሮኒ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን ነው። ማልሮኒ ኮንሰርቫቲቭ ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ጆ ክላርክ ራሳቸው ኢትዮጵያ ድረስ ሄደዋል። ይህን የምለው ኮንሰርቫቲቭ ምረጡ ለማለት አይደለም፤ እኔ አልመርጥም። አንድ ጋሼ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «እኔም የገባሁት በፈረንጆቹ 1988 ነው ለካ» አሉኝ። ድምፃችሁ ዕዳ መክፈያ አይደለም። ድምፃችሁን ለሁልጊዜው በእጁ የያዘ ፓርቲ ሰፈራችሁን አይጎበኘውም።

የክፍለ ሀገሩን ጥፋት ለኦታዋ መስጠት

የቤተሰብ ሐኪም ማጣት፣ ኢመርጀንሲ ውስጥ አሥር ሰዓት መጠበቅ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የኪራይ ጭማሪ ገደብ፤ እነዚህ በዋናነት የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ጉዳዮች ናቸው። ኢሚግሬሽን፣ ፓስፖርት፣ የውጭ ጉዳይ ኦታዋ ነው። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መሪ የዳግ ፎርድ ፓርቲና የፖሊየቭ ፓርቲ በስም ይቀራረባሉ እንጂ ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው።

አካባቢን ሳያዩ «እነሱ እንዳያሸንፉ» ብሎ መምረጥ

በ2025 ብዙ የኤንዲፒ ደጋፊ ኮንሰርቫቲቭን ለማስቆም ወደ ሊበራል ሄደ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ጓደኞቼም አድርገውታል። ግን ከዚያ በፊት የምርጫ ክልላችሁን ያለፈ ውጤት እዩ። ዊንዘር ዌስት ኤንዲፒ ከ2002 ጀምሮ የያዘው ወንበር ነበር። ድምፁ ተከፋፈለና ኮንሰርቫቲቭ ወሰደው። ሊያስቆም ወጥቶ መንገድ የከፈተ መራጭ እዚያ ብዙ ነው። ኤንዲፒ ሰባት ወንበር ብቻ ይዞ ቀረ፤ ፓርላማ ውስጥ እንደ ፓርቲ ለመታወቅ 12 ያስፈልጋል።

ወረቀቱን ፎቶ ማንሳት

ክልክል ነው። ፌስቡክ ላይም አትለጥፉት።

«የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል?»

ኬቤክ ውስጥ ቴረቦን የሚባል የምርጫ ክልል አለ። በ2025 ድምፁ በዳኛ ፊት እንደገና ሲቆጠር ሊበራሏ በአንድ ድምፅ በልጣ ተገኘች። በአንድ።

መጨረሻው ቀን ላይ ብቻ መሄድ

በ2025 የምርጫው ቀን፣ ኤፕሪል 28፣ ሠራተኛ ነኝ ያለኝ ሰው ብዙ ነው። አሠሪ ለመራጭ ድምፅ መስጫ ሦስት ተከታታይ ሰዓት እንዲኖረው የማድረግ ግዴታ አለበት። ደግሞም ቀድሞ መምረጫ አራት ቀን ነበር፤ ከኤፕሪል 18 እስከ 21። በዚያ ዓመት የእኛም የፈረንጆቹም ፋሲካ ኤፕሪል 20 ላይ ገጥሞ ነበር። ቀድሞ መምረጫው የተከፈተው በስቅለት ቀን ነው ማለት ነው።

ስግደቱ ሲያበቃ ሦስት እናቶችን ይዤ ወጣሁ። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ምንም አልቀመሱም። ጣቢያው እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ክፍት ስለሆነ «መጀመሪያ ቤት ገብታችሁ እረፉ» አልኳቸው። እምቢ አሉ። አንዷ ቤት ከቀየሩ ገና ነው፤ መታወቂያቸው ላይ አዲሱ አድራሻ የለም። እንዲህ ሲያጋጥም እዚያው የምርጫ ምድብ የሚኖር መራጭ ሊመሰክርላችሁ ይችላል፤ ግን አንድ ሰው መመስከር የሚችለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤታቸው አብራን ስለነበረች እሷ ልትመሰክር ተስማማች።

መኪናውን ሳላስነሳ ከእናቶቹ አንዷ ትከሻዬን ነኩኝ። «እስቲ የሚወዳደሩትን ስማቸውን ንገረኝ፤ ያኛው ጊዜ ወረቀቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ» አሉ። ስልኬ ላይ የአካባቢያቸውን ተወዳዳሪዎች ዝርዝር ከፍቼ ሁሉንም ከነፓርቲያቸው አነበብኩላቸው።

«ድገምልኝ» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።