ደቅ ደሴት ለመሄድ ሙሉ ቀን ያዙ

ባሕር ዳር የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ለጣና ሁለት ሰዓት ብቻ መድቦ ይመጣል። በዚያች ሰዓት የዓባይን መውጫና ጉማሬ፣ ቢበዛ እንጦስ ኢየሱስ ገዳምን ታያላችሁ። ሰው የሚኖርበትን፣ ገበሬው የሚያርስበትን ደሴት ማየት ካማራችሁ ግን ደቅ ሂዱ።

ከባለጀልባው ጋር በዋዜማው ተነጋገሩ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? መመለሻውንና እዚያ የምትቆዩበትን ጊዜ ይጨምራል? ላይፍ ጃኬቱን ደግሞ በዓይናችሁ ቁጠሩ፤ "አለ" ስለተባለ ብቻ አትሳፈሩ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁን ያናውጠዋልና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሡ ይሻላል።

ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ደቅ አጠገብ ነው፤ የዐፄ ፋሲልና የሌሎች ነገሥታት አፅም ያረፈው እዚያ ነው። ሴት አይገባበትም። እኛ ሴቶች ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲመታን እንዳንውል፣ ወንዶቹን ዳጋ አውርዶ እኛን ደቅ ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርሰን ከመነሻው ተስማሙ።

ናርጋን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ አውልቁ፣ የመግቢያ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ቅኔ ማኅሌቱን አልፋችሁ ስትገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ፍላሽ አታብሩ፣ በእጅም አትንኩ። አስጎብኚው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው የሚባለውን ቅርጽ ሊያሳያችሁ ይቸኩላል። እኔ ግን እቴጌይቱን ፈልጉ እላለሁ፤ ልጇን ከታቀፈችው ማርያም ሥር ተደፍታለች። ተደፍታም ቢሆን ልብሷ እንዳሸበረቀ ነው፤ ሠዓሊው ያሠራችውን ሴት አልረሳም!

ደሴቱ ላይ ምግብ ቤት አገኛለሁ አትበሉ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ውሃ ያዙ። ስትመለሱ ጊዜ ከተረፋችሁ ዘጌ ጎራ በሉና ከጫካ የተለቀመ ቡና ግዙ። ጥሬውን ውሰዱ፤ ቤታችሁ ስትቆሉት ይሻላል።

ዓሣውን ለማታ አቆዩት። ሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች አንዱ ቁጭ ብላችሁ ሙሉ ቆሮሶ ጥብስ እዘዙ፤ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ በዘይት የተጠበሰውን። ሎሚ ጭመቁበት፣ ጀርባው ላይ ያለውን ወፍራም ሥጋ በእጃችሁ እየላጣችሁ በዳጣ አጥቅሱ፤ ሹካ እሾሁን አያውቅም። ረቡዕና ዓርብ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ገዳም ውስጥ አታንሱት፣ ጀልባችሁ ያመልጣችኋል። አምባዛ ካላችሁ ጉላሹን እዘዙ፤ ጥብሱ ቅባት ይበዛዋል።