የአውቶካድ ፋይል ስታጸዱ እነዚህን አታድርጉ

«ፋይሉ ከበደኝ፣ እስቲ እየውልኝ» የሚል ሰው በአውቶካድ (የሕንፃ ሥዕል መሳያ ፕሮግራም) በሚሠራ ቢሮ ውስጥ አይጠፋም። ከፍቼ ሳየው ብዙ ጊዜ ፋይሉን ያበላሸው የሥራው ብዛት አይደለም። ለማጽዳት ተብሎ የተነካካው ነው ያበላሸው። ጀማሪ ልጆች ይህን የሚያደርጉት በቅን ልብ ስለሆነ አልቆጣም፤ ግን አንዳንዱ ስህተት ሕንፃ ድረስ ይሄዳል።

ኮፒ ሳትይዙ ማጽዳት አትጀምሩ። በዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለኝም።

ትልቁ ጥፋት ኤክስፕሎድ (ማፈንዳት፣ አንድ ሆኖ የተያዘን ነገር ወደ ቁርጥራጭ መበተን) ነው። አንድ ብሎክ (እንደ በር ያለ፣ አንዴ ተሠርቶ ብዙ ቦታ የሚገባ ቅርጽ) አልታዘዝ ሲል ወይም አንድ መስመር አልሰረዝ ሲል፣ ሁሉንም መርጦ ኤክስፕሎድ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። «ቀለል ይላል» ይባላል። አይቀልም! አንድ የበር ብሎክ ስልሳ ቦታ ቢገባ ፋይሉ ቅርጹን የሚይዘው አንዴ ብቻ ነው። ሲፈነዳ ስልሳውም በር ለየብቻው መስመርና ቅስት ይሆናል። የበሩ ቁጥር አትሪቢዩት (ብሎኩ ውስጥ የሚሞላ ጽሑፍ) ከነበረ ቁጥሩ ይጠፋና በቦታው የመለያው ስም ብቻ ይቀራል። ሀችም (አንድን ቦታ የሚሞላው የመስመር ጥለት) እንዲሁ ነው። አንድ የነበረው ሀች ሺህ ቁርጥራጭ መስመር ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዳይሜንሽን (ልኬት የሚያሳየው መስመርና ቁጥር) ነው። ዳይሜንሽን ሲፈነዳ ተራ መስመርና ተራ ጽሑፍ ይሆናል፤ ግድግዳው ቢንቀሳቀስ ቁጥሩ አይከተልም። አንድ የአፓርታማ ሥራ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የመኝታ ቤቱ ስፋት 3.60 ነበር። ፋይሉ «ከተጸዳ» በኋላ ግድግዳው ተገፍቶ 3.90 ሆነ፣ ጽሑፉ ግን 3.60 እንዳለ ቀረ። ስትራክቸራል መሐንዲሱ ቢሙን (አግዳሚ ተሸካሚውን) የሠራው በተሳለው ግድግዳ ላይ ነው። ፎርማኑ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያነበበውን ለክቶ ብሎኬት አስደረደረ። ፎርማኑ ምንም አላጠፋም፤ ሳይት ላይ የሚታመነው የተጻፈው ቁጥር ነው። ቢሙና ግድግዳው 30 ሴንቲሜትር ተላልፈው ሲገኙ ግድግዳው ፈረሰ። ስለዚህ የሰው ፋይል ስትረከቡ መጀመሪያ ጥቂት ዳይሜንሽኖችን ጠቅ አድርጉ። ቁጥሩ ብቻውን ከተመረጠ ፈንድቷል ማለት ነው፤ አጥፍታችሁ እንደገና ለኩ። ሳይፈነዳ በእጅ ቁጥር የተጻፈበት ካለም ፕሮፐርቲስ ውስጥ ቴክስት ኦቨርራይድ የሚለው ቦታ ላይ ይታያል፤ እሱንም ባዶ አድርጉት። ብሎክ መፍታት የግድ ከሆነ በርስት የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። እሱ ቢያንስ የአትሪቢዩቱን ጽሑፍ አያጠፋም።

ፐርጅ (የማያገለግለውን ከፋይሉ የሚያስወጣ ትእዛዝ) አንዴ አድርጎ «አጸዳሁ» ማለትም አለ። ብሎክ በብሎክ ውስጥ ስለሚቀመጥ የውጪው ካልወጣ የውስጡ አይወጣም፤ የሚጸዳ ነገር እስኪያልቅ ደጋግሙት። ከዚያም ተራው ፐርጅ የማይነካቸው አሉ። ከትእዛዙ በፊት ሰረዝ አድርጋችሁ ሬጋፕስ የሚለውን ምረጡ፤ ከሰው ፋይል በኮፒ ፔስት የመጡ የፕሮግራም ስሞች እዚያ ተከማችተው ታገኛላችሁ። አንዲት ቪላ ብቻ ያለባት ፋይል ብዙ ሜጋባይት ከሆነች ደግሞ ከዲጂኤን (የሌላ የሥዕል ፕሮግራም ፋይል) የመጡ የመስመር ዓይነቶችን ጠርጥሩ። ኦዲቱን (ፋይሉ ውስጥ ስህተት ፈልጎ የሚያርመውን ትእዛዝ) አትዝለሉት። ፋይሉ ጭራሽ አልከፈት ካለ ሪከቨር አለ።

ኦቨርኪል (ተደራርበው የተሳሉ መስመሮችን የሚሰርዘው) ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሌየርን (መስመሮች የሚመደቡበትን ንብርብር) ቸል በል የሚለውን ምልክት ካደረጋችሁበት ግን አደገኛ ነው። የግድግዳ መስመርና የቢም መስመር አንድ ላይ ቢተኙ አንዱን ድግግሞሽ ነው ብሎ ይሰርዘዋል።

ዴፍፖይንትስ ሌየር ላይ ምንም አትሳሉ፤ ፕሪንት አይወጣም።

ሳይት ፕላን ወደ 0,0 (የሥዕሉ መነሻ ነጥብ) መጎተትም ብዙ ሰው ይፈተንበታል። አዲስ አበባ ያለ ቦታ በአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 (ቀያሾች በሚጠቀሙበት የመለኪያ ሥርዓት) ሲለካ ምሥራቁ 470 ሺህ ሜትር፣ ሰሜኑ አንድ ሚሊዮን ሜትር ገደማ ነው። ሥዕሉ ከመነሻው ሲርቅ ሀቹ ይዛባል፣ ዙሙ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ልጁ ሁሉንም ይዞ ወደ ዜሮ ይጎትተዋል። ከዚያ የቀያሹ፣ የመንገዱና የፍሳሹ ፋይል አንዱ ከሌላው አይገጥምም። የቀያሹን ፋይል ባለበት ተዉት። ሕንፃውን ለብቻው ፋይል ዜሮ አጠገብ ሳሉና ሳይት ፕላኑ ውስጥ በኤክስሬፍ (ሌላ ፋይልን ሳይገለብጡ በማያያዝ) ቦታው ላይ አስገቡት። እግረ መንገዴን፣ ሁለት ፋይሎች 200 ሜትር ገደማ ከተላለፉ አንዱ በአዲንዳን፣ ሌላው በደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ሥርዓት) ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በዓይን እያያችሁ ጎትታችሁ አታጋጥሙ፤ ቀያሹን ጠይቁ።

አንዱ በሜትር ሌላው በሚሊሜትር የተሳለ ፋይል ስታገናኙም ዩኒቱን አስቀድማችሁ እዩ።

የአማርኛ ጽሑፍ ነገር ያሳዝነኛል። ታይትል ብሎኩ (የሥዕሉ መረጃ የሚጻፍበት ሣጥን) ዩኒኮድ ባልሆነው በቆየው የፓወር ግዕዝ ፎንት ተጽፎ ይመጣል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ ሁሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ያየ ሰው የቆሻሻ ጽሑፍ መስሎት ይሰርዘዋል። ከመሰረዛችሁ በፊት የቴክስት ስታይሉን እዩ። አዲስ ስትጽፉ ደግሞ ዩኒኮድ ተጠቀሙ፤ ኒያላም ሆነ አቢሲኒካ ይሆናል። ኤስኤችኤክስ በሚባሉት የአውቶካድ ፎንቶች አማርኛ አትሞክሩ።

ኤክስሬፍ ያለበትን ሥራ ዋናውን ፋይል ብቻ በቴሌግራም መላክ ይቅር። ተቀባዩ የሚያየው ባዶ ሉህ ላይ የተጻፈ የፋይል ስም ነው። ኢትራንስሚት ኤክስሬፉንም ምስሉንም አንድ ላይ ያሽግላችኋል። የቴክስት ፎንቶቹም አብረው እንዲሄዱ ምርጫው ላይ ምልክት ማድረግ አትርሱ።

«ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻ ፋይናል» እያላችሁም አታስቀምጡ። ቀን ጻፉበት።

በመጨረሻ ፍላሽ። ከፕሪንት ቤት የመጣ ፎልደር ውስጥ ከሥዕሉ ጎን ኤልኤስፒ ወይም ኤፍኤኤስ የሚል ቅጥያ ያለው የማታውቁት ፋይል ካለ፣ ሥዕሉን ከመክፈታችሁ በፊት አጥፉት። አውቶካድ ራሱ የሚጭነው ቫይረስ በዚህ መልክ ነው ከቢሮ ቢሮ የሚዞረው። ዲደብሊውጂውን (የሥዕሉን ፋይል) ብቻ ወደ ኮምፒውተራችሁ ገልብጡና ከዚያ ክፈቱ፤ አውቶካድ የማይታመን ፕሮግራም ሳይጠይቅ እንዳይጭን የሚያደርገው ሴኪዩርሎድ የሚባለው ቅንብርም 1 ላይ መሆኑን አረጋግጡ።