የጀልባ ኤሌክትሪክ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ባትሪው እንነጋገር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከሐረማያ ወደ ድሬ ወርዶ ሞተሩን ይዞልኝ መጣ። ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፎት ነው ያመጣው። "አቦ ጋሼ፣ ሐይቁ መሀል ጥሎኝ ቆመ። ተቃጥሏል መሰለኝ" አለኝ። ጠረጴዛው ላይ አሰርኩት። ከራሴ ባትሪ ጋር አገናኘሁትና ለሁለት ሰከንድ ከፈትኩት። ፕሮፔለሩ ዞረ። ምንም የለውም። "እስቲ ባትሪህን አሳየኝ" አልኩት። ከባጃጁ አወረደው። የመኪና ባትሪ ነው።

እኔ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም። ድሬዳዋ ውስጥ ባትሪና ኤሌክትሪክ ሞተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ብዙ ዓመት ከከረመ በኋላ ውሃው ሲመለስ፣ ትንሽ ጀልባ የገዙ ልጆች ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። ከዝዋይ ዕቃ የሚልኩልኝም አሉ። አብዛኞቹ ተበድረው ወይም ዕቁብ አውጥተው ነው የገዙት። ዝም ማለት የከበደኝም ለዚህ ነው። "ተበላሸ" ተብለው ከመጡልኝ ሞተሮች ብዙዎቹ ደህና ናቸው። ችግሩ ባትሪው፣ ገመዱ ወይም አያያዙ ነው።

ኤሌክትሪክ መምረጣቸው ግን ትክክል ነው። ሐረማያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር እዚያ ከጉልበቱ 20 በመቶ ገደማ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልም። ድሬ ላይ ያለው ጉልበት የደንገጎን ዳገት ወጥቶም ያው ነው። ጫጫታም የለውም። ዓሣውን አያባርርም።

የመኪና ባትሪ መግዛት

ብዙ የምናገረው ስለዚህ ነው። ታገሱኝ።

የመኪና ባትሪ የተሠራው ለአንድ ሥራ ነው፤ ሞተር ለማስነሳት። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ መቶ አምፒር ይለቃል። ከዚያ ዲናሞው ወዲያው መልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ስስና ብዙ ናቸው። የጀልባ ሞተር ደግሞ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይጠጣል። እስኪደክም ድረስ ይጠጣል። ዲናሞ የለ፣ የሚሞላው የለ። ስሱ ሰሌዳ ይህን አይችልም።

አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ የሞተ ባትሪ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ከፍቼ አሳየኋቸው። ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ መኖር የነበረበት ቡናማ ሊጥ ረግፎ ከታች ተጠራቅሟል። ልክ ጀበና ሥር እንደሚቀር የቡና አተላ። ሰሌዳው ራሱ ወንፊት መስሏል። ባትሪው የተገዛው ያን ዓመት ነበር። ባለቤቱ የሚያወጣው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ የጀልባ ኤሌክትሪክ ሞተር ራሱ ከመኪና ነው የመጣው። በ1934 እ.ኤ.አ. ሽሚት የሚባል አሜሪካዊ በሰሜን ዳኮታ የፎርድ ሞዴል ኤ መኪና ማስነሻ ሞተር ወስዶ ዘንግና ፕሮፔለር ገጠመለት። ሚን ኮታ የሚባለው ሞተር እንዲህ ተጀመረ። ሞተሩ ከመኪና ወጥቶ ውሃ ላይ ሠራ። ባትሪው ግን እንደዚያ አይሆንም።

የምትፈልጉት "ዲፕ ሳይክል" የሚባለውን ነው። ገበያ ላይ "የሶላር ባትሪ" ብትሉ ይገባቸዋል። ሰሌዳው ወፍራም ነው። ሻጩ "ይሄም 100 ነው፣ ያም 100 ነው" ይላችኋል። አትመኑ፤ ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡ። ጎልቶ የተጻፈው "ሲሲኤ" (CCA፣ በብርድ ሞተር የማስነሳት አቅም) ከሆነ የማስነሻ ባትሪ ነው። "ዲፕ ሳይክል" ተብሎ የአምፒር-ሰዓቱ መጠን (የሚይዘው የኤሌክትሪክ ብዛት) በ20 ሰዓት ተለክቶ ከተጻፈ ትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ። "ማሪን" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ማሪን ተብለው የሚሸጡ የማስነሻ ባትሪዎችም አሉና።

"ጋሼ፣ የመኪናው ይረክሳል" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ስትገዙት አይረክስም። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ሞተሩን አነስ አድርጉና ባትሪውን ደህና ግዙ። አነስተኛ ሞተር በጥሩ ባትሪ ዓሣ ያስይዛል። ትልቅ ሞተር በመኪና ባትሪ መቅዘፊያ ያስይዛል።

ባትሪውን እስከ መጨረሻው መጥባት

100 አምፒር-ሰዓት የሚል የእርሳስ ባትሪ የሚሰጣችሁ 50 ነው ብላችሁ አስቡ። ከግማሽ በታች ደጋግማችሁ ካወረዳችሁት ዕድሜውን ትበሉታላችሁ። 55 ፓውንድ ግፊት ያለው ባለ 12 ቮልት ሞተር ሙሉ ሲከፈት 50 አምፒር ገደማ ይስባል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ነው። በተግባር ከዚያ ያንሳል፤ የእርሳስ ባትሪ በፍጥነት ሲሳብ የሚሰጠው ይቀንሳልና። ያንኑ ሞተር ቀስ አድርጋችሁ ብትነዱት ግን አሥራ ምናምን አምፒር ይበቃዋል። ሦስት ሰዓት ትሄዳላችሁ። ጥድፊያ ነው ባትሪ የሚጨርሰው።

ፍጥነቱን የምትቀይሩት በአምስት ማርሽ ከሆነ፣ በዝቅተኛው ማርሽ የምታተርፉት ያሰባችሁትን ያህል አይደለም። አሮጌዎቹ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ነው የሚቀይሩት። ያለ ማርሽ በእጀታ ቀስ በቀስ የሚጨመረው ዓይነት ባትሪ ይቆጥባል። አቅም ካላችሁ እሱን ግዙ።

ቴስተር ይኑራችሁ። ባትሪው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.1 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ደርሷል። ወደ ቤት ተመለሱ።

የድሬ ሙቀትና የድሬ ውሃ

እዚህ ከተማ ባትሪ የሚገዛና የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ይስማኝ። ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በረንዳ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ አታስቀምጡት። የቤቱን ቀዝቃዛ ጥግ ፈልጉለት። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ ባትሪም አትግዙ። የተመረተበትን ቀን ጠይቁ።

ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ኖራው ብዙ ነው። ማንቆርቆሪያችሁን ነጭ የሚያለብሰው ያ ነገር ሰሌዳው ላይም ይሄዳል። አንድ ደንበኛዬ "የታሸገ የመጠጥ ውሃ ነው የጨመርኩት፣ ንጹሕ ነው" አለኝ። እሱም ማዕድን አለው። አይሆንም።

ባዶውን ባትሪ ደግሞ "መብራት ሲመጣ እሞላዋለሁ" ብላችሁ አታሳድሩት። ጎረቤት ሂዱ፣ ዘመድ ጋ ሂዱ፣ በዚያው ቀን ሙሉት። ሳይሞላ የሰነበተ ባትሪ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይጋገርበታል። የምትሞሉትም በር ተከፍቶ ነው። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ሲጋራና ከሰል እዚያ አይድረሱ።

የቤት ገመድ

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ ጀልባው ወደ ኋላ እንዳይከብድ ብሎ ባትሪውን ወደ ፊት አዛወረው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ገመዱ አልደረሰለትም። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋውን 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ገዝቶ ሦስት ሜትር ቀጠለበት። ያ ገመድ ከ20 ምናምን አምፒር በላይ አልተሠራም። በእሱ ላይ 50 አምፒር ሰደደበት። በመንገዱ ላይ ብቻ ሁለት ቮልት ይጠፋል። የጠፋው ደግሞ ሙቀት ይሆናል።

ሐይቁ መሀል ፕላስቲክ ሸተተው። ዞር ሲል ገመዱ ቀልጦ ከመረቡ ጋር ተጣብቋል። ፊውዝ የለ፣ ብሬከር የለ። በእጁ ይዞ ነቀለው። የገመዱ መስመር እስከ ዛሬ መዳፉ ላይ አለ። ቡና ስኒ ሲይዝ አየዋለሁ።

ለ55 ፓውንድ ሞተር ለሦስት ሜትር 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ አድርጉ። አሉሚኒየም መዳብ ተቀብቶ የሚሸጥም አለና ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ። ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት። ከባትሪው አጠገብ፣ ቀዩ ገመድ ላይ፣ ባለ 60 አምፒር ብሬከር ግጠሙ። እባካችሁ። የገመድ ገንዘብ ከጎደላችሁ ጀልባውን ሳምንት አቆዩት።

ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጋቲቭ፦ አንዴ ብታቀያይሩት የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ይቃጠላል።

ትልቅ ሞተር ይፈጥናል ብሎ ማሰብ

አይፈጥንም። ይህን ሞተር የሠሩት ጀልባ በዝግታ እንዲገፋ ነው። ፕሮፔለሩም ለዚያ ነው የተቀረጸው። በሰዓት ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። 40ውን በ80 ብትቀይሩት እጥፍ አትፈጥኑም። ከ55 ፓውንድ አካባቢ በላይ ደግሞ 24 ቮልት ይፈልጋል። ሁለት ባትሪ ማለት ነው። ሌላ 30 ኪሎ ጨመራችሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ 45 ኪሎ ጠቅላላ ክብደት 2 ፓውንድ ግፊት። ጀልባው 150፣ ሁለት ሰው 140፣ ባትሪው 30፣ መረብና ዓሣ 60 ቢሆን 380 ኪሎ ነው። 17 ፓውንድ ይበቃዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ 30 ወይም 40 ግዙ። ከዚያ በላይ አትሂዱ።

አጭር ዘንግ

ጀልባው ተጭኖ ሳለ፣ ከዘንጉ ታች ፕሮፔለሩን የያዘው የሞተሩ አካል አናት ከውሃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መጥለቅ አለበት። ካጠረ አየር ይስባል፣ ይጮኻል፣ አይገፋም። መጀመሪያ የኋላውን ሳንቃ ከፍታ ለኩ፣ ከዚያ ግዙ። ዳር ስትደርሱ ግን ከፍ አድርጉት። ሐረማያ ዳር ላይ ጫትና አትክልት የሚያጠጡ ገበሬዎች የዘረጉት የፓምፕ ቱቦ አለ። ውሃው ደፍራሽ ስለሆነ አይታይም። ፕሮፔለር ሰብረው የመጡ አሉ። ቱቦው የተበሳበት ገበሬም ንብረቱ ነውና ያዝናል።

የተጠቀለለውን ክር አለማውጣት

ይህን እኔም አጥፍቻለሁ።

ክር ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠቀለል ከጀርባው ይገባል። እዚያ ውሃ እንዳያልፍ የሚይዝ የጎማ ቀለበት አለ። የዓሣ ክር ቀጭን ነው፣ ዘንጉ በዞረ ቁጥር ጎማውን እንደ ምላጭ ይበላዋል። ከዚያ ውሃ ይገባል።

አንድ የዝዋይ ሰው ድምፁ የተለወጠ ሞተር ልኮልኝ ነበር። ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) አልቋል ብዬ ቀየርኩለት። በደንብ ዞረ። መለስኩለት። ፕሮፔለሩን ነቅዬ ከጀርባው አላየሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ስከፍተው ዝገት የተቀላቀለበት ውሃ ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ። ከጎማው ሥር አንድ ስንዝር የማይሞላ ሰማያዊ ክር ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሞተሩን ከኪሴ ከፍዬ ተካሁለት። ያቺን ክር እስከ አሁን ግድግዳዬ ላይ በሚስማር ሰቅያታለሁ። አዲስ ልጅ ሲቀጠር መጀመሪያ የማሳየው እሷን ነው።

ከውሃ በወጣችሁ ቁጥር ባትሪውን ንቀሉ፣ ብሎኑን ፍቱ፣ ፕሮፔለሩን አውጡ፣ እዩ። አምስት ደቂቃ ነው። መሀል ያለችውን ትንሽ ፒን እንዳትጥሏት፤ መለዋወጫም አንድ ሁለት ያዙ።

ሊቲየም

ከቻላችሁ የሊቲየም ባትሪ ግዙ። ባለ 100ው ከ12 ኪሎ ብዙም አይዘልም፤ የእርሳሱ ወደ 30 ይጠጋል። ከግማሽ በላይ ብትጠቀሙበትም አይጎዳም። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ስንት አምፒር እንደሚያሳልፍ ጠይቁ። 50 ብቻ ከሆነ ሞተሩን ሙሉ ስትከፍቱ ይዘጋባችኋል፣ እናንተም "ተበላሸ" ብላችሁ ወደ እኔ ትመጣላችሁ። ቻርጀሩም የራሱ ይሁን። የእርሳሱን አትሰኩበት።

መቅዘፊያና ላይፍ ጃኬት ሳይዝ የሚወጣ ሰው ሞተሩን አልጠግንለትም። ይህን ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ዋና መቻል አይበቃም። ልብስና ቡት ጫማ ሲርስ ይከብዳል።

ያ የሐረማያው ልጅ አሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተዋጥቶ የሶላር ባትሪ ገዝቷል። ገመዱን እኔ ቆረጥኩለት፣ ብሬከሩን አብረን ገጠምን። ጓሮዬ በርሜል አለ። ውሃ ሞልተን ሞተሩን ጠርዙ ላይ አሰርነው። ሃያ ደቂቃ ሠራ። እጄን ገመዱ ላይ አስኬድኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። "አንተም ንካው" አልኩት። ከባትሪው እስከ ሞተሩ ድረስ በሁለት ጣቱ ቀስ እያለ ዳሰሰው።