ከ«ኖ» ጋር የታገልኩበት አጽንዖት

በጣልያንኛ «ይናገራሉ» ለማለት በ«ኖ» የሚያልቀውን ፓርላኖ ስል ዘወትር «ላ»ን አጠነክር ነበር፤ አብዛኞቹ የጣልያንኛ ቃላት አጽንዖታቸው ከመጨረሻው ሁለተኛው ቀለም (የቃሉ ክፍለ ድምፅ) ላይ ስለሚወድቅ ደንቡን ለሁሉም አዋልኩት። ስሕተት ነበር።

መፍትሔው ከ«እኔ» መደብ መነሣት ሆነ። «እናገራለሁ» የሚለው ፓርሎ «ፓር» ላይ ይጠነክራል፤ ፓር-ላ-ኖም እንደዚያው። «እኖራለሁ» የሚለው አቢቶ «አ» ላይ ስለሚጠነክር፣ «ይኖራሉ» አ-ቢ-ታ-ኖ ሲሆን አጽንዖቱ ከመጨረሻው አራተኛው ቀለም ላይ ያርፋል! ይህን ጆሮዬ እስኪቀበለው ብዙ ደጋገምኩት።

«እኛ» እና «እናንተ» ግን ይለያሉ፦ አ-ቢ-ትያ-ሞ «ትያ» ላይ፣ አ-ቢ-ታ-ቴ «ታ» ላይ። መጥበቅና መላላት አላስቸገረኝም፤ ፓርሌሬሞ «ሞ» ሲላላ «ወደፊት እንናገራለን»፣ ሲጠብቅ «ቢሆንልን እንናገር ነበር» መሆኑን አማርኛ የለመደ ጆሮ ወዲያው ይለያል።

አሁን አዲስ ግሥ ስጽፍ አስቀድሜ የ«እኔ»ን አጽንዖት አሰምርበታለሁ።